እህቴ ማሞግራም (የጡት ራጅ) ተነስታ «ተመለሺ» ተባለች፤ «ባይራድስ 0» ምን ማለት ነው?

ጨንቆኛል

ሰላም ለሁላችሁ። ትንሽ ሊረዝም ነው፣ ታገሱኝ። የምጠይቀው ሰው አጥቼ ነው።

ታላቅ እህቴ 52 ዓመቷ ነው። የሚያማት ነገር የለም፣ በእጇ የዳሰሰችው እብጠትም የለም። ጓደኛዋ «ብቻዬን ፈራሁ፣ አብረሽኝ ተመርመሪ» ስላለቻት ብቻ ነው ሆስፒታል ውስጥ ያለው የጡት ክሊኒክ ሄደው ሁለቱም ማሞግራም የተነሱት። ለእህቴ የመጀመሪያዋ ነው። ተነሳች፣ ወጣች፣ ረሳችው። በስምንተኛው ቀን ተደወለላት። «ተጨማሪ ምስል ስለሚያስፈልግ ሐሙስ ጠዋት ይምጡ» አሏት። ምን ተገኘብኝ ብትል «እሱን ሐኪሙ ነው የሚነግርዎት» ተባለች፣ ስልኩ ተዘጋ። ለጓደኛዋ ማንም አልደወለላትም። አስቡት እንግዲህ።

በማግስቱ ሄጄ የውጤቱን ወረቀት አወጣሁላት። «በግራ ጡት የላይኛው ውጨኛ ክፍል ያልተመጣጠነ ጥላ፣ ባይራድስ 0» ይላል። እኔ ዜሮዋን ሳይ ደስ አለኝ። ዜሮ ማለት ምንም የለም ማለት መስሎኝ ደውዬ «እንኳን ደስ አለሽ» ሁሉ ብያታለሁ። «ታዲያ ምንም ከሌለ ለምን ይጠሩኛል?» ብላ አፌን አስያዘችኝ።

ከዚያ ወዲህ እህቴ ሌላ ሰው ሆናለች። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር። ከትናንት ወዲያ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ መብራት አይቼ ስነሳ፣ ቁም ሳጥኗን አራግፋ መሬት ላይ ቁጭ ብላለች። ልብሱን ሦስት ቦታ ከምራዋለች። «ይሄ ቀሚስ ለእከሊት ይሆናታል፤ ይሄ ኮት ገና አዲስ ነው፣ ሰው ይልበሰው» ትለኛለች። ድምጿ ደግሞ ምንም የሌለበት፣ ልክ የሚገዛ ዕቃ ዝርዝር እንደሚያወጣ ሰው። ጠዋት ሁለቱን ክምር በፌስታል ሞልታ ሰጥታ መጣች።

እና ጥያቄዬ፦ ይሄ ዜሮ ምንድነው? ተመለሱ ከተባሉት ውስጥ ስንቱ ነው ካንሰር የሚወጣበት? ሐሙስ ምን ያደርጓታል? እኔስ ወንድ ነኝና በር ላይ ልቁም ወይስ አብሬ ልግባ? እባካችሁ «አይዞህ፣ ምንም አይደለም» ብቻ ብላችሁ እንዳትሄዱ። እሱን እኔም ብያታለሁ፣ አልሠራም።

ሁለቴ_የተጠራሁት

ወንድሜ፣ እኔ በስድስት ዓመት ውስጥ ሁለቴ ተጠርቻለሁ። የቁም ሳጥኑ ነገር በደንብ ነው የገባኝ። እኔ ደግሞ ፎቶ ነበር የማስተካክለው።

የሐሙሱን ልንገርህ። ከክሊኒክ ክሊኒክ ትንሽ ይለያይ ይሆናል እንጂ አካሄዱ ያው ነው። መጀመሪያ ያንኑ ጡት እንደገና ያነሷታል፤ ግን ሙሉውን አይደለም። ትንሽዬ ፕላስቲክ ያመጡና ጥላው ያለበትን ቦታ ብቻ ጫን ያደርጉታል። ያማል። አያምም የሚል ሰው ተነስቶ አያውቅም። ግን ሴኮንዶች ናቸው። «ትንፋሽ ያዢ» ትላታለች፣ ማሽኑ ይጮኻል፣ «በቃ» ስትላት ይለቅቃታል። የዚህ ሁሉ ዓላማ የተደራረበውን ሥጋ መዘርጋት ነው። ማሞግራም ጡትን ጨፍልቆ ነው የሚያሳየው፤ ሁለት ጤነኛ ነገሮች አንዱ ባንዱ ላይ ቢያርፉ እብጠት ይመስላሉ። የኔ የመጀመሪያው እንደዚያ ነበር። ሲጫኑት ጥላው ጠፋ። ቤቴ ሄድኩ።

ቀጥሎ አልትራሳውንድ አለ። ቀዝቃዛ ቅባት፣ ጨለም ያለ ክፍል። እኔን ያስፈራኝ መርፌ ሳይሆን የሐኪሟ ዝምታ ነው። አንድ ቦታ ላይ ቆማ፣ ቁልፉን ቀጭ ቀጭ እያደረገች፣ ምንም አትናገርም። አለቀልኝ አልኩ። በኋላ ስጠይቃት «እየለካሁ ነበር እኮ» አለችኝ። ያ ሁለተኛው ኪስት ነበር፣ ውኃ የቋጠረ ከረጢት ማለት ነው። ሲያመኝ ስለከረመ በመርፌ ሳቡትና እዚያው ሟሸሸ። ለእህትህ አስቀድመህ ንገራት፤ ዝም ካሉ እየለኩ ነው።

የዚያን ዕለት ጠዋት ዲኦዶራንት፣ ፓውደር፣ ቅባት ምንም እንዳትቀባ። ዲኦዶራንት ውስጥ ያለው አሉሚኒየም ምስሉ ላይ ነጭ ነጠብጣብ ሆኖ ይታያል፣ ያው እነሱ የሚፈልጉትን ዓይነት ነጠብጣብ ይመስላል። ቀሚስ ሳይሆን ከላይና ከታች የተለያየ ልብስ ትልበስ።

አንተ ደግሞ ምስሉ ሲነሳ አይደለም፣ ውጤቱ ሲነገራት ግባ፣ እሷ ከፈቀደች። ወረቀትና እስክሪብቶ ያዝ። እኔ «ተጨማሪ» የምትለዋን ቃል ከሰማሁ በኋላ አንዲትም ነገር ጆሮዬ አልገባም። ባለቤቴ ባይጽፈው ኖሮ ምን እንደተባልኩ እስከ ዛሬ አላውቅም ነበር።

ራጅ_ክፍል_ነው_የምውለው

ማሞግራም ማንሳት ሥራዬ ነው፤ ውጤት ማንበብ የራዲዮሎጂስቱ ነው። ግን ቁጥሮቹን ለማስረዳት አያንሰኝም።

ባይራድስን ያወጣው የአሜሪካ የራዲዮሎጂ ኮሌጅ ነው፤ ዓላማው አንዱ ሐኪም የጻፈውን ሌላው በአንድ ዓይነት መንገድ እንዲረዳው ነው። ዜሮ ጥሩም መጥፎም አይደለም። «አልጨረስኩም» ማለት ነው። ወንድም፣ አንተ ብቻ አይደለህም የተሳሳትከው፣ በሳምንት ሁለት ሦስት ሰው ዜሮዋን አይቶ ስሞኝ ይሄዳል። 1 ምንም አልታየም። 2 የታየ ነገር አለ፣ ግን ጉዳት የሌለው መሆኑ የታወቀ። 3 ጉዳት የሌለው ሳይሆን አይቀርም፤ ካንሰር የመሆን ዕድሉ ከ100 ከ2 አይበልጥም፣ ስለዚህ መርፌ ከማስገባት በ6 ወር ደግሞ ማየት ይመረጣል። 4 ላይ ናሙና ይወሰዳል። እዚህ ላይ ሰው በጣም ይደናገጣል፤ ግን 4 ራሱ ሰፊ ነው፣ 4ኤ ከ2 እስከ 10 በመቶ፣ 4ቢ እስከ 50፣ 4ሲ ከዚያ በላይ። «አራት ነው» ከተባለች ፊደሉን ጠይቁ። 5 ከሆነ 95 በመቶና ከዚያ በላይ ነው። 6 ቀድሞ በናሙና ለተረጋገጠ ነው።

ስንቱ ካንሰር ይወጣበታል ላልከው፣ እንደ አገሩ ይለያያል። አሜሪካ ከሚመረመሩ 1,000 ሴቶች 100 ገደማ ይጠራሉ፣ ካንሰር የሚገኝባቸው 5 አካባቢ ናቸው። እንግሊዝ ከ100 ሴቶች 4 ያህሉ ብቻ ናቸው የሚጠሩት፣ ከነዚያ ከአራቱ አንዷ ናት ካንሰር የሚገኝባት። ልዩነቱ የሴቶቹ ሳይሆን የመጥሪያው ወንፊት ነው። እንግሊዝ አንድን ምስል ሁለት ሰው ለየብቻ ያነበዋል፣ የምትመረመረውም ከ50 ዓመቷ ጀምሮ በየ3 ዓመቱ ነው። የትኛውንም ብትይዝ ከሚጠሩት አብዛኞቹ ካንሰር የለባቸውም። የእህትህ ደግሞ የመጀመሪያዋ ምስል ነው። የሚያነጻጽሩት የድሮ ፎቶ ስለሌለ የመጀመሪያ ጊዜ ተመርማሪዎች በብዛት ይጠራሉ። ጥላው ከአሥር ዓመት በፊትም እንደዚያው እንደነበር የሚያሳይ ምስል ቢኖራት ምናልባት ስልኩም አይደወልም ነበር። ጓደኛዋ የድሮ ምስል ካላት፣ ያልተጠራችበት አንዱ ምክንያት እሱ ሊሆን ይችላል።

ካንሰር ነው ወይም አይደለም የሚለው የመጨረሻ ቃል ከኔ ማሽን አይወጣም። ከማይክሮስኮፕ ሥር ነው የሚወጣው። ሦስት ነገር ነው የሚታየው፦ ሐኪሙ በእጁ የዳሰሰው፣ ምስሉ፣ እና ካስፈለገ ናሙናው። ናሙና ከተወሰደ አደንዝዘው ነው፣ ወፈር ባለ መርፌ፣ በአልትራሳውንድ እያዩ። መርፌው ሲተኮስ ስቴፕለር ሲመታ የሚሰማውን ድምፅ ያሰማል፤ አስቀድሞ ያልተነገራት ሴት ከአልጋው ትዘላለች። በቀጭን መርፌ ሴል ብቻ መውሰድም አለ። ወፍራሙ ግን ሥጋውን ከነአቀማመጡ ስለሚያወጣው ካንሰር ከሆነ በዙሪያው ወዳለው ሥጋ መውረሩንና የሆርሞን ተቀባይ እንዳለው፣ ማለትም በሆርሞን የሚያድግ ዓይነት መሆኑን፣ ለማወቅ ይመቻል።

አንድ ነገር ደግሞ ሰው የማይጠይቃት አለች። ናሙናው ሲመጣ «ካንሰር አይደለም» ስትባሉ ተነስታችሁ አትሩጡ። «የናሙናው ውጤት ከምስሉ ጋር ይስማማል?» በሉ። ምስሉ በጣም አጠራጣሪ ሆኖ ናሙናው ንጹሕ ከሆነ፣ መርፌው ትክክለኛውን ቦታ ስቶት ሊሆን ስለሚችል ይደገማል።

የስልኩ ነገር እኔንም ያናድደኛል። የሚደውሉት ልጆች ውጤት ማንበብ አይፈቀድላቸውም፣ ልክ ነው። ግን «ብዙ ሰው ነው የሚጠራው» ማለትን ማንም አልከለከላቸውም።

ደህና_ነሽ_ተብዬ_ነበር

የኔ ታሪክ በተቃራኒው ነው፣ ልጻፍ አልጻፍ እያልኩ ነበር። ማስፈራራት አልፈልግም።

እኔን ማንም አልጠራኝም። ማሞግራሜ ንጹሕ ነበር። በሰባተኛው ወር ገላዬን ስታጠብ ቀኝ ጡቴ ላይ፣ ወደ ብብቴ ጠጋ ብሎ፣ ደረቅ ነገር ነካሁ። አያምም። ስገፋው ብዙም አይንቀሳቀስም። አንድ ሐኪም ጋ ሄድኩና ወረቀቴን አይቶ «ማሞግራምሽ እኮ ንጹሕ ነው፣ በሚቀጥለው ዓመት ነይ» አለኝ። ደስ ብሎኝ ወጣሁ፣ እውነቴን ነው። ሰው መስማት የሚፈልገውን ሲነግሩት ምን ይላል? ከአምስት ሳምንት በኋላ ግን እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ሌላ ክሊኒክ ሄድኩ። አልትራሳውንድ፣ ናሙና፣ ካንሰር። 18 ሚሊሜትር። ብብቴ ውስጥ ያለው ዕጢ ጋ አልደረሰም ነበር። ኦፕራሲዮን ሆንኩ፣ ጨረር ወሰድኩ፣ አሁን የሆርሞን ክኒን ላይ ነኝ፣ አራተኛ ዓመቴ።

በሁለት ምርመራዎች መሃል ብቅ የሚል አለ። ከመጀመሪያውም ኖሮ ማሞግራም የሚስተውም አለ፤ የአሜሪካ ካንሰር ማኅበር ከ8 ካንሰር 1 ያህሉን እንደሚስት ይናገራል። የኔ ጡት ጥቅጥቅ ያለ ነው ይላሉ። ስብ በማሞግራም ጠቆር ብሎ ነው የሚታየው፣ የወተት ዕጢና ካንሰር ሁለቱም ነጭ ናቸው። ነጭ ላይ ነጭ ፈልጉ እንግዲህ። ጥቅጥቅነቱ በመዳሰስ አይታወቅም፣ ወረቀቱ ላይ ነው ከኤ (ስብ የበዛበት) እስከ ዲ (በጣም ጥቅጥቅ ያለ) ተብሎ የሚጻፈው። ሲ ወይም ዲ ካለ አልትራሳውንድ ይጨመርልኝ ወይ ብላችሁ መጠየቅ መብታችሁ ነው። እኔ ሲ መሆኔ ተጽፎ ነበር። ያነበበልኝ የለም፣ እኔም አላነበብኩትም።

ስለዚህ ንጹሕ ወረቀት እጃችሁ ላይ ቢኖርም አዲስ እብጠት፣ ቆዳው ሲጎደጉድ፣ ቀጥ ያለ የነበረ የጡት ጫፍ ወደ ውስጥ ሲገባ፣ ደም ያለበት ፈሳሽ፣ ብብት ሥር የሚዳሰስ ነገር ካለ ሂዱ። ሕመም ብቻውን ብዙ ጊዜ ካንሰር አይደለም። ወንዶችም ብትሆኑ፤ ከ100 የጡት ካንሰር አንድም አይሞላ እንጂ አለ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 የጀመረው እንቅስቃሴ ሰው መጀመሪያ ሐኪም ፊት ከቀረበበት ቀን አንሥቶ ምርመራው በ60 ቀን ውስጥ እንዲያልቅ ይላል። የኔን ስቆጥር 58 ቀን ነው። ከነሱ 35ቱ «በሚቀጥለው ዓመት ነይ» በምትለዋ አንዲት ዓረፍተ ነገር ነው የሄዱት።

እኔ_አልመረመርም

ሁላችሁም አንድ ወገን ነው የምትናገሩት። ደህና የነበረች ሴት በጤናዋ ሄዳ ይኸው ልብሷን እያከፋፈለች ነው። ይሄ ጉዳት አይደለም? ማንንም የማይገድል ነገር እያገኙ የሚቆርጡት ስንት ነው? ጨረሩስ?

ራጅ_ክፍል_ነው_የምውለው

ከተናገርከው ግማሹ ልክ ነው፣ አልከራከርህም። እ.ኤ.አ. በ2012 እንግሊዝ ውስጥ አንድ ገለልተኛ ቡድን ይህንኑ መርምሮ ነበር። ከ50 ዓመታቸው ጀምሮ ለ20 ዓመት ለምርመራ ከተጠሩ 10,000 ሴቶች ውስጥ 43 ከሞት ይተርፋሉ፣ 129 ደግሞ ባይመረመሩ ዕድሜያቸውን ሙሉ ምንም የማያደርጋቸው ካንሰር ተገኝቶባቸው ይታከማሉ ነው ያለው። በአንዲት የተረፈች ሴት ሦስት በከንቱ የታከሙ ማለት ነው። ችግሩ ከማይክሮስኮፕ ሥር ሆነህ የትኛው እንደሆነ መለየት አትችልም። ይሄ ሳይነገራት የምትመረመር ሴት ካለች ጥፋቱ የኛ ነው።

ጨረሩን ግን ተወው። አንድ ማሞግራም በሰባት ሳምንት ውስጥ ከምድርና ከሰማይ በተፈጥሮ የምትቀበለውን ያህል ነው። «በየወሩ ራስሽን ዳስሺ» የሚባለው ልማድም የሚታሰበውን ያህል አልሠራም፤ ሻንጋይ ውስጥ ወደ 266,000 የሚጠጉ የፋብሪካ ሠራተኞች ላይ ተሞክሮ የሞቱን ቁጥር አልቀነሰም፣ ጉዳት የሌለው እብጠት ላይ ግን ብዙ መርፌ አስወጋ። ከላይ የጻፈችው እህቴ ያደረገችው ሌላ ነው። እሷ በፕሮግራም አልዳሰሰችም፤ ገላዋን ታውቃለች፣ ሲቀየር ሄደች።

ሆኖም የአንተ ክርክር የሚያስፈልገው ማሞግራሙ ከመነሳቱ በፊት ነው። የዚህ ልጅ እህት ግማሽ መንገድ ላይ ናት። ጥላ ታይቶ፣ ምን እንደሆነ ሳይታወቅ ቤት ቁጭ ማለት ከሁለቱም ወገን የከፋውን መምረጥ ነው።

ጨንቆኛል

ሐሙስ ማታ ነው። ሄድን።

እንዳላችሁት ነው የሆነው። ጥላው ሲጫን አልጠፋም። አልትራሳውንዱ ላይ 9 ሚሊሜትር የሆነ ሞላላ እብጠት ታየ። እዚያው በዚያው ቀን ናሙና ወሰዱ። ፊደሉን ጠየቅኩ፣ 4ኤ ነው። ሐኪሟ ጥያቄውን ስትሰማ ቀና ብላ አየችኝና ወንበሯን ወደ እኛ አዞረች፤ ከዚያ በኋላ ነው በደንብ ማስረዳት የጀመረችው። አራት ጊዜ ነው የተተኮሰው። እህቴ «ስቴፕለር ነው ስላልከኝ ሳቄ መጣ» አለችኝ። ሁሉንም ጽፌዋለሁ፣ ሁለት ገጽ። ውጤት በ9 ቀን።

ሦስተኛው የልብስ ክምር አሁንም ኮሪደር ላይ ነው። አልነካሁትም።

ሁለቴ_የተጠራሁት

9 ቀን ይረዝማል። ቀጠሮው ቀን ካልተደወለ አንተ ደውል። የጠፋ ውጤትም አለ፣ ዝም ማለታቸው ሁልጊዜ «ደህና ነሽ» ማለት አይደለም።

ጨንቆኛል

እኔ እህቱ ነኝ። ስልኩን ነጥቄው ነው የምጽፈው፤ ለካ አገር ሁሉ ስለ ጡቴ ሲወያይ ነበር የከረመው። አንብቤዋለሁ፣ ሁለት ጊዜ።

በ9ኛው ቀን አልደወሉም። በ10ኛው እኔ ደወልኩ። ወረቀቱ መጥቶ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ነበር። ፋይብሮአዴኖማ ነው አሉ፣ ካንሰር ያልሆነ እብጠት። ወንድሜ አፉን ሳይከፍት እኔው «ከምስሉ ጋር ይስማማል?» አልኩ። ይስማማል፣ ስብሰባ ላይ አብረው አይተውታል። በ6 ወር አንድ ጊዜ ያዩኛል። ጡቴ ደግሞ ሲ ነው፣ እሱንም ጠይቄያለሁ። ደህና ነሽ ተብዬ ነበር ያልሽው እህቴ፣ ያንን ያነበብኩት ባንቺ ምክንያት ነው። እግዜር ይማርሽ።

አሁን የኔ ጥያቄ፦ ሁለት ፌስታል ልብስ ሰጥቻለሁ። አንደኛው ውስጥ ያ ኮት አለ። የተሰጠን ኮት ሳያሳፍር እንዴት እንደሚመልሱት የሚያውቅ ካለ ይጻፍልኝ።